የተቆረጠ ፍሬ እንዳይጠቁር ስለ መጠበቅና በጠርሙስ ለከርሞ ስለ ማኖር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተጻፈ

አስተዋይ ሰው በጥጋብ ጊዜ የችግርን ጊዜ ያስባል። ዮሴፍ በግብፅ አገር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉን በጎተራ ሰብስቦ በሰባቱ የራብ ዓመታት ሕዝቡን እንደ መገበ ሁላችን እናውቃለን። የአገራችን ገበሬም ጤፉንና ገብሱን በጎተራ ማኖርን ከአባቶቹ ተምሯል፤ እመቤቲቱም በርበሬውን አድርቃ፥ ቅቤውን አንጥራ፥ ሥጋውን ቋንጣ አድርጋ ታኖራለች። ፍሬ ግን በብዙ ስፍራ እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። ኮክ በብዛት በደረሰ ጊዜ ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፤ በገበያም በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ልጆች አንድ ፍሬ እንኳ ቢፈልጉ አያገኙም።

ፍሬን ለማኖር የሚጀምሩ ሰዎች ሥራውን ከሚተዉባቸው ምክንያቶች አንዱ የመልኩ መበላሸት ነው። ኮክ ተልጦ በተቆረጠ ጊዜ ወርቅ መስሎ ይታያል፤ ድስቱ እስኪፈላ ድረስ ግን ይጠይማል፤ በጠርሙስ ከገባም በኋላ ከላይ ያለው ጠቁሮ ይገኛል። ባለቤቲቱም ተበላሽቷል ብላ ድካሟን ሁሉ ትጥለዋለች። ከዚህ የሚከፋው ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ መልኩ ያማረውን ሁሉ ጤናማ ነው ብሎ ማመን ነው። በመጀመሪያው ስሕተት የሚጠፋው ፍሬ ነው፤ በሁለተኛው ግን የሰው ነፍስ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፍሬ ስለ ምን እንደሚጠቁርና እንዴት እንደሚከለከል፥ ቀጥሎም ጤናማውን ፍሬ ከሚያሠጋው እንዴት መለየት እንደሚገባ እንገልጻለን።

፩ኛ፤ ፍሬ ስለ ምን ይጠቁራል

የፍሬ ሥጋ እንደ ማር እንጀራ እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነዚህም ሕዋሳት ይባላሉ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ነገሮች በየስፍራቸው ተለያይተው ይኖራሉ። አንዱ ፌኖል የሚባለው፥ ለፍሬው ጥቂት የመጎምዘዝ ጣዕም የሚሰጠው ነገር ነው። ሁለተኛው ኤንዛይም የሚባለው፥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ሠራተኛ ነው፤ የዚህ ኤንዛይም ስም ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ ነው። ፍሬው ደኅና በሆነ ጊዜ ሁለቱ አይገናኙም። ቢላዋ ሲቆርጠው ወይም ወድቆ ሲቀጠቀጥ ግን የሕዋሳቱ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ሁለቱም ይገናኛሉ፤ ከውጭም አየር ይገባል። ኤንዛይሙ በአየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ወስዶ ፌኖሉን ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም እርስ በርሱ ተያይዞ ቡናማ ቀለም ይሆናል።

እንግዲህ መጥቆር እንዲሆን ፌኖል፥ ኤንዛይምና አየር ሦስቱ በአንድነት መገኘት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱን የከለከለ ሰው መጥቆርን ይከለክላል። የሚቀጥለው ብልሃት ሁሉ ከዚህ የወጣ ስለ ሆነ መምህሩ ይህን ነገር ለተማሪዎቹ ደጋግሞ ያስረዳ።

ይህ ነገር በኮክ ብቻ የሚታይ አይደለም። ፖም፥ ሙዝ፥ አቡካዶና ድንች ሁሉ እንዲሁ ይጠቁራሉ። ሎሚና ብርቱካን ግን ቢቆረጡ አይጠቁሩም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናገኘዋለን። ደግሞም መጥቆር ሁልጊዜ ጉዳት እንዳይደለ ማወቅ መልካም ነው፤ የምንጠጣው ሻይ ከዛፉ ሲቀጠፍ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎና ተቀጥቅጦ በአየር ከቆየ በኋላ በዚሁ በኤንዛይም ሥራ ጠቁሮ መልኩንና ጣዕሙን ያገኛል። ለሻይ የምንፈልገውን ለኮክ አንፈልገውም፤ የሥራው ሕግ ግን አንድ ነው።

ኤንዛይም የሌለበት ሌላ መጥቆር ደግሞ አለ። ስኳር ያለበት ነገር በብርቱ እሳት ለብዙ ጊዜ ሲበስል ይጠይማል፤ ማርማላታ በትልቅ ድስት ተሞልቶ ረጅም ሰዓት ሲፈላ የሚጠቁረው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ማርማላታ የሚሠራ ሰው ጥቂት ጥቂቱን እየለየ ፈጥኖ ያብስል። በጠርሙስ ያለ ፍሬም በሙቅ ስፍራ ወይም በፀሓይ ብርሃን ለብዙ ወራት ቢቀመጥ ቀስ በቀስ ይጠይማል።

፪ኛ፤ መጥቆርን የሚከለክሉ ነገሮች

ሎሚ፤ በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ሁለት ረዳቶች አሉ። አንደኛው አሲዱ ነው፤ ኤንዛይሙ ብርቱ ኮምጣጣ ባለበት ስፍራ ሊሠራ አይችልም። ሁለተኛው ቫይታሚን ሲ ነው፤ ይህም መለወጥ የጀመረውን ፌኖል ወደ ቀድሞው ጠባዩ ይመልሰዋል። ብርቱካንና ሎሚ ሲቆረጡ የማይጠቁሩት በዚህ ምክንያት ነው። የቫይታሚን ሲ ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው ሊቅ አልበርት ሴንት ጂዮርጂ የተቆረጡ አትክልቶች ስለ ምን እንደሚጠቁሩ ሲመረምር የአንዳንድ ተክል ጭማቂ መጥቆርን እንደሚያዘገይ አየ፤ በ1928 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያን ነገር ለብቻው ለየው፤ በኋላም ቫይታሚን ሲ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህና ስለ ሌላው ምርምሩ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በቤት የሚሠራ ሰው የተቆረጠውን ፍሬ የሎሚ ጭማቂና ውኃ እኩል በተቀላቀለበት ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢነክረው ይበቃል።

የቫይታሚን ሲ ኪኒን፤ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን 6 ፍሬ ተፈጭቶ በ4 ሊትር ያህል ውኃ ቢበጠበጥ ጣዕምን ሳይለውጥ መልክን ይጠብቃል። ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

ጨውና ኮምጣጤ፤ ሎሚና ኪኒን ያልተገኘ እንደ ሆነ በ4 ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ (አቼቶ) ይጨመራል። ፍሬው ግን በዚህ ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ከወጣም በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ አለዚያ ጨው ጨው ይላል።

ባዶ ውኃ፤ በውኃ ውስጥ መስጠም አየርን ስለሚቀንስ መጥቆርን ያዘገያል፤ ፈጽሞ ግን አይከለክልም። ለብዙ ጊዜ ከቆየም የፍሬው ጣዕምና ቫይታሚን ወደ ውኃው ይወጣል።

እሳት፤ ኤንዛይም በሙቀት ይሞታል። በሚፈላ ውኃ ወይም በሚፈላ የስኳር ውኃ ውስጥ እስከ መካከሉ ድረስ የሞቀ ፍሬ ከዚያ በኋላ በኤንዛይም ምክንያት አይጠቁርም። ሎሚና ጨው እሳቱ እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው፤ ሥራውን የሚፈጽመው እሳት ነው።

ስለ ዕቃም እንናገር። በሚዝግ የብረት ካራ ፍሬ መቁረጥ፥ በብረት ምጣድ ወይም በመዳብ ዕቃ ማብሰል መልክን ያበላሻል፤ ብረቱ ከፍሬው ጉምዛዜ ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ቀለም ያወጣል፤ መዳብም ቫይታሚን ሲን ያጠፋል። የማይዝግ ብረት ቢላዋና በኢናሜል የተለበጠ ወይም የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል።

፫ኛ፤ ኮክ በጠርሙስ የሚቀመጥበት አሠራር

ፍሬን በጠርሙስ ዘግቶ በፈላ ውኃ በማሞቅ የማኖር ብልሃት ከፈረንሳይ አገር የወጣ ነው። ኒኮላ አፔር የሚባል ጣፋጭ ሠሪ ለብዙ ዓመታት ሲሞክር ቆይቶ ይህን ሥራ አገኘ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም 12,000 ፍራንክ ሸለመው፤ እርሱም በ1810 ብልሃቱን በመጽሐፍ አሳተመው። ነገር ግን ምግቡ ስለ ምን ሳይበላሽ እንደሚቆይ እርሱም ራሱ አላወቀም ነበር፤ ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን መሆናቸውን ያስረዳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሉዊ ፓስተር ነው።

ለሥራው የሚመረጠው የበሰለ፥ ነገር ግን ያልለሰለሰና ያልተቀጠቀጠ፥ ሥጋውም ቢጫ የሆነ ኮክ ነው። ሥጋው ነጭ የሆነው ኮክ አሲዱ ሊያንስ ስለሚችል በዚህ መንገድ በጠርሙስ አይቀመጥም፤ ይበላ ወይም ይድረቅ። ይህን ልዩነት ማንም ሰው እንደ ቀላል ነገር አይቁጠረው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) የጠርሙሱ አፍ ሰፊ፥ ክዳኑም ጎማ ያለበትና አየር የማያስገባ፥ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ይሁን። አፉ የተሸረፈ ጠርሙስና አንድ ጊዜ የተሠራበት ስስ ክዳን አይሆንም። ጠርሙሱ በሳሙና ታጥቦ በሙቅ ውኃ ውስጥ ይቆይ።

ለ) ኮኩ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ይነከርና ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ይግባ፤ ልጣጩ በእጅ ይለቃል። ከዚያም ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው ይውጣ፤ ወዲያውም በሎሚው ወይም በኪኒኑ ውኃ ውስጥ ይግባ። ተልጦ በሳሕን ላይ አይጠብቅ።

ሐ) በሁለት ስኒ ውኃ አንድ ስኒ ስኳር እየተለካ የስኳር ውኃ ይፈላ። ኮኩ ከተነከረበት ወጥቶ በዚህ ውስጥ ይግባና እንደ ገና እስኪፈላ ይሙቅ። ይህ መሞቅ ኤንዛይሙን ያዳክማል፤ በፍሬው ውስጥ የተደበቀውንም አየር ያስወጣል። ቀዝቃዛ ሆኖ በጠርሙስ የሚገባ ፍሬ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈውም ይጠቁራል።

መ) ትኩሱ ኮክ በትኩሱ ጠርሙስ፥ የተቆረጠው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ይሞላ፤ የስኳሩም ውኃ እስኪሸፍነው ይጨመር። ከላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ስፍራ ይቅር። በንጹሕ ቀጭን እንጨት በጠርሙሱ ዳር እየተነካ የታሰረው አየር ይውጣ፤ ውኃውም ጎድሎ እንደ ሆነ ይሙላ። የጠርሙሱ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ይከደን።

ሠ) በትልቅ ድስት ግርጌ የእንጨት ርብራብ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ጠርሙሶቹም በላዩ ይቁሙ፤ ሙቅ ውኃም ከክዳናቸው በላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪደርስ ይጨመር። የደቂቃው ቍጥር የሚጀመረው ድስቱ እሳት ላይ በተጣደ ጊዜ ሳይሆን ውኃው ተንተክትኮ በፈላ ጊዜ ነው። ፍላቱም እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ይቆይ።

ረ) ጊዜው ሲፈጸም ጠርሙሶቹ ወጥተው ነፋስ በማይመታው ስፍራ በጨርቅ ላይ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቀመጡ። ከቀዘቀዙ በኋላ የክዳኑ መካከል በጣት ሲጫኑት ወደ ላይ የማይመለስ ከሆነ በሚገባ ተዘግቷል ማለት ነው። ያልተዘጋው ወዲያው ይበላ። የተዘጋውም ቀኑ ተጽፎበት በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ በአንድ ዓመትም ውስጥ ይበላ።

በጠርሙሱ ውስጥ ከላይ ያለው ፍሬ ብቻ ጠቁሮ ቢገኝ ምክንያቱ የስኳሩ ውኃ ሳይሸፍነው መቅረቱ፥ ወይም አየሩ በደንብ አለመውጣቱ፥ ወይም የፍላቱ ጊዜ ማጠሩ ነው። የፍላቱ ጊዜ ማጠር ግን ከመልክም በላይ የሚያሳስብ ስለ ሆነ የሚቀጥለውን ክፍል ተጠንቅቆ ማንበብ ያስፈልጋል።

፬ኛ፤ በደጋ አገር ውኃ ስለሚፈላበት ሙቀት

በባሕር ዳርቻ ያለ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ወደ ተራራ በወጡ ቍጥር ግን የአየር ክብደት እየቀነሰ ስለሚሄድ ውኃው ሙቀቱ ሳይበዛ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ በሚለው በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ከዚያ ከፍ በሚል ደጋ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በቈላና በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የደቂቃ ቍጥር ለደጋ ሰው አይበቃውም። ከላይ በተገለጸው አሠራር ትኩስ ሆኖ ለተሞላ ኮክ የሚገባው ጊዜ ይህ ነው።

ከ305 እስከ 914 ሜትር ከፍታ፤ ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 25 ደቂቃ፥ ለአንድ ሊትር 30 ደቂቃ።

ከ915 እስከ 1,829 ሜትር ከፍታ፤ ለግማሽ ሊትር 30 ደቂቃ፥ ለአንድ ሊትር 35 ደቂቃ።

ከ1,830 ሜትር በላይ፤ ለግማሽ ሊትር 35 ደቂቃ፥ ለአንድ ሊትር 40 ደቂቃ።

ተቆርጦና ተሞቆ የተሞላ ፖም ከ1,830 ሜትር በላይ ባለ አገር በሁለቱም ጠርሙስ 35 ደቂቃ ይፈላል። ይህ በጋሞ ደጋ በጨንቻና ፖም በሚተከልበት ሌላ ደጋ ሁሉ ያሉትን መምህራን በተለይ ይመለከታቸዋል። መምህሩ የመንደሩን ከፍታ ጠይቆ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢጽፈው ለሁሉ ይጠቅማል።

፭ኛ፤ መልክ የጤና ምስክር አይደለም

ከአየር ጋር ተገናኝቶ የጠየመ ፍሬ መልኩና ጣዕሙ ቢቀንስም በዚህ ብቻ መርዝ አይሆንም፤ በጠርሙሱ አፍ አጠገብ ስለ ጠቆረ ብቻ መጣል አያስፈልግም። በተቃራኒው ደግሞ እንደ ወርቅ የሚያበራ ፍሬ ሰውን የሚገድል መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

ይህ መርዝ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ዘሩም የፈላ ውኃ አይገድለውም። አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ስፍራ ግን ያድጋል፤ በደንብ የተዘጋ ጠርሙስ ደግሞ አየር የሌለበት ስፍራ ነው። ሊቃውንት አሲድን ፒ ኤች በሚባል መለኪያ ይለካሉ፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል፤ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ይህ ተሕዋስ ሊያድግ አይችልም። ቢጫ ኮክ፥ ፖምና እንጆሪ ከዚህ በታች ናቸው። ሙዝ፥ ፓፓያ፥ ጎመን፥ ባቄላና ሥጋ ግን አሲዳቸው ጥቂት ስለ ሆነ በፈላ ውኃ ብቻ በጠርሙስ ሊቀመጡ አይገባም።

ከሎሚ ጋር ስለ መንከርም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መልክን ለመጠበቅ በሎሚ ውኃ የተነከረ ፍሬ አሲዱ በቂ ሆኗል ማለት አይደለም፤ የዛፍ ሎሚም ኮምጣጣነቱ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጌበታለሁ ብሎ የተከለከለውን ፍሬ በጠርሙስ ማኖር ራስን ማታለል ነው።

ክዳኑ ያበጠ፥ ከውስጡ የሚንጠባጠብ፥ ሲከፈት የሚተነፍስና አረፋ የሚያወጣ፥ ሽታው የተለወጠ ወይም የሻገተ ጠርሙስ በምንም ዓይነት አይቀመስ፤ ልጆችና እንስሳት በማያገኙት ስፍራ ይቀበር። የቦቱሊዝም መርዝ ግን ምልክት ሳያሳይ ሊገኝ ስለሚችል፥ ዋናው ጥበቃ አሠራሩን ሳያጓድሉ መፈጸም ነው። ከበላ በኋላ ዓይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ የሚያሳየው፥ ሽፋሽፍቱ የሚወድቅበት፥ መዋጥና መናገር የሚያቅተው ሰው ቢገኝ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል፤ በሽታው ሲጠና መተንፈስን ይከለክላልና።

፮ኛ፤ ጠርሙስ ለሌለው ሰው ስለ ማድረቅ

ለዚህ የተዘጋጀ ጠርሙስና ክዳን የሌለው ሰው ፍሬውን ቢያደርቅ ይሻለዋል። ነጩም ኮክ፥ ሙዙም፥ ማንጎውም ይደርቃል። ፍሬው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በስሱ ይቆረጥ፤ በሎሚው ውኃ ለ10 ደቂቃ ይነከር፤ ተጠንፍፎም በንጹሕ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ይሰጣ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ይሸፈን፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ። ማር በውኃ በጥብጦ ፍሬውን ለጥቂት ደቂቃ መንከርም መጥቆርን ያዘገያል፤ በማር የተነከረ ፍሬ ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ፤ የዚያው የቦቱሊዝም ተሕዋስ ዘር በማር ውስጥ ሊገኝ ይችላልና።

የፀሓይ ማድረቅ የሚሆነው አየሩ ሞቃትና ደረቅ በሆነበት በበጋ ነው፤ በክረምት እርጥበት የተሰጣ ፍሬ ይሻግታል። የደረቀው ፍሬ ሲጨብጡት እርጥበት የማይወጣው፥ ሲያጥፉትም እንደ ቆዳ የሚለመጥ ከሆነ ደርሷል። አንዳንድ አገር ፍሬን በድኝ ጢስ አጥነው መልኩን ይጠብቃሉ፤ ጢሱ ግን ለሚሠራው ሰው ሳንባ የሚጎዳ፥ የተረፈውም ድኝ አስም ያለበትን ሰው የሚያሳምም ስለ ሆነ በቤት ውስጥ እንዲደረግ አንመክርም።

፯ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚደረግ ሙከራ

ኮክ ያልተገኘ እንደ ሆነ በድንች ወይም በሙዝ ይደረጋል። መምህሩ ራሱ በንጹሕ ቢላዋ ከአንድ ፍሬ አምስት እኩል ቁራጮችን ይቍረጥ። አንደኛው እንዲሁ በሳሕን ይቀመጥ። ሁለተኛው በሎሚ ይታሽ። ሦስተኛው በጨው ውኃ ይጥለቅ። አራተኛው በሚፈላ ውኃ አራት ደቂቃ ቆይቶ ይውጣ። አምስተኛው በማንኪያ ተደቍሶ ይቀመጥ። ተማሪዎቹም ከግማሽ ሰዓት፥ ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ የእያንዳንዱን መልክ በደብተራቸው ይጻፉ።

የተደቈሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይጠቁራል፥ ብዙ ሕዋሳት ፈርሰዋልና። ቀጥሎ እንዲሁ የተቀመጠው ይጠይማል። የፈላው፥ ሎሚ የታሸውና በጨው ውኃ የጠለቀው ግን መልካቸውን ይጠብቃሉ። መምህሩ መልሱን ቀድሞ አይንገራቸው፤ ልጁ በዓይኑ አይቶ ምክንያቱን ራሱ ቢናገር ትምህርቱ ይጸናለታል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፤

1. ፍሬ እንዲጠቁር መገናኘት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. ሎሚ መጥቆርን የሚከለክለው በየትኞቹ ሁለት መንገዶች ነው?
3. የደጋ ሰው ጠርሙሱን ከቈላ ሰው ይልቅ ለብዙ ደቂቃ የሚያፈላው ስለ ምን ነው?
4. መልኩ ያማረ ፍሬ ሁሉ ጤናማ ነውን? ምክንያቱን ግለጽ።
5. በመንደራችሁ ከሚገኙት ፍሬዎች በጠርሙስ የሚቀመጡትና መድረቅ የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው?

የተከበራችሁ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤ ይህን ሥራ በቤት የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና እኅቶች ናቸውና ትምህርቱ በልጆች ደብተር ብቻ ተዘግቶ እንዳይቀር አድርጉ። ኮክ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን መርጣችሁ እናቶችን ወደ ትምህርት ቤቱ ጥሩ፤ አንድ ጠርሙስ በፊታቸው ሥሩላቸው፤ የመንደሩን ከፍታና የሚገባውን ደቂቃ አስጠንቷቸው። የነጩን ኮክና የሙዝን ነገርም ሳትነግሯቸው አታሰናብቷቸው።